ዲር፣ አዳኝና እኛ፦ ተሳስተን የምናወራቸው ነገሮች

ባለፈው ኖቬምበር ከማታ ሺፍት ስመለስ አንድ ዲር፣ እዚህ አሜሪካ አጋዘን የምንለው የዱር እንስሳ፣ መኪናዬ ላይ ወጣ። «መታሁት» አላልኩም፤ ከጫካው ዘሎ የመጣው እሱ ነው። ፓራውልቱ ተሰበረ፣ ኮፈኑ ተጨራመተ፣ አንዱ የፊት መብራት በሽቦ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዲሩ ተነስቶ ሦስት እርምጃ ያህል ሄደና ወደቀ።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ሳወራ አንዱ ባልደረባዬ ሳቀብኝ። ሜሪላንድ ካለችው ከፍሬድሪክ ወዲያ የሚኖር፣ ከአባቱ ጋር ሲያድን ያደገ አሜሪካዊ ነው። «ምስኪን እንስሳ ገዳይ» እያልኩ ስተርበው ኖሬያለሁ። «ይኸው አንተም ገደልክ፤ ያውም ያለ ላይሰንስ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየምሳ ሰዓቱ ስጠይቀው ከረምኩ። ራሴም አነበብኩ። እኛ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ስለዚህ እንስሳና ስለ አዳኞቹ ከምናወራው ብዙው ልክ አይደለም። አዳኞቹም ስለ ራሳቸው ከሚያወሩት ልክ ያልሆነ አለ።

«ዲር ማለት አጋዘን ነው»

ለመግባባት ያህል ይሁን። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የዲር ዘር የለም። አጋዘን፣ ድኩላና ሚዳቋ ቤተሰባቸው ከላምና ከፍየል ጋር ነው። ቀንዳቸው አንዴ ከበቀለ እስኪሞቱ አብሯቸው ይኖራል። ወንዱ ዲር ግን በየዓመቱ በብርዱ ወራት ቀንዱን ይጥልና በጸደይ እንደ አዲስ ያበቅላል። ፌብሯሪ ላይ ጫካ ውስጥ የወደቀ ቀንድ ብታገኙ የግድ የሞተ ዲር አለ ማለት አይደለም። በዳዊት «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» የሚለው ዋላ ግን በዕብራይስጡ የዲር ወገን ነው። ስለዚህ ስሙን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ መልኩን ያየነው እዚህ መጥተን ነው።

«እያለቀ ያለ እንስሳ ነው፤ አዳኞች ጨረሱት»

ከመቶ ዓመት በፊት ቢባል እውነት ነበር። በ1900 አካባቢ በመላው አሜሪካ የቀረው ነጭ ጭራ ዲር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ እንደነበር ይገመታል። በዋናነት የጨረሱትም አዳኞች ናቸው። ግን የዛሬዎቹ ዓይነት አልነበሩም። ሥጋና ቆዳ በባቡር ጭነው ከተማ የሚሸጡ፣ ወቅት የለ ቁጥር የለ የሚተኩሱ ነጋዴዎች ነበሩ። በ1900 የሌሲ ሕግ ወጣና በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለ እንስሳን ከስቴት ወደ ስቴት መነገድ ተከለከለ። ስቴቶችም ቀስ በቀስ የአደን ወቅት ወሰኑ፣ ፈቃድ አወጡ፣ ዘበኛ ቀጠሩ። ዲር ከተረፈበት እየያዙ ካለቀበት ወስደው ለቀቁ። ዛሬ ቁጥሩ 30 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ ይገመታል።

ባልደረባዬ እዚህ ላይ ሲደርስ ደረቱን ይነፋል። «ያተረፍነው እኛ ነን» ይላል። በከፊል ልክ ነው። ግን የተተወው እርሻ ተመልሶ ጫካ ሆነ። ተኩላው ጠፋ። ከዚያም ሰው በየጫካው ዳር ቤት ሠርቶ ሳርና አበባ ተከለ። ለዲር ከኛ ሰፈር የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? ጓሮው ሁሉ ሰላጣ ነው፤ ተው የሚለው የለም።

«ተፈጥሮን ብንተዋት ራሷ ታስተካክለዋለች»

ይሄ ለጆሮ ደስ ይላል። እኔም አምንበት ነበር። ችግሩ፣ የምታስተካክልበትን መሣሪያ ቀምተናታል። ከኛ አካባቢ ተኩላና ኩገር የሚባለው ትልቅ የዱር ድመት በሰው እጅ ከጠፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቀበሮ መሳዩ ኮዮቲ ግልገል ይበላል እንጂ ትልቁን እምብዛም አይደፍርም። የደረሰች ሴት ዲር ደግሞ ምግብ ካገኘች በዓመት መንታ መውለድ ልማዷ ነው። የሚያስቆመው ከሌለ መንጋው በሁለት በሦስት ዓመት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ያስቆመዋል? ረሃብ፣ በሽታና የኔ ፓራውልት። በኢንሹራንሶች ግምት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ከዲር ጋር ይጋጫል። ኖቬምበር የባሰ ነው፤ ወንዱ ሴት ፍለጋ ቀልቡን የሚስትበት ወር ነውና ግራ ቀኝ አያይም።

ዲር የበዛበት ጫካ ገብታችሁ ቆም ብላችሁ እዩ። ከመሬት እስከ ራሳችሁ ቁመት ድረስ ባዶ ነው። ቅጠሉ የሚጀምረው ከዚያ በላይ፣ በመስመር ተከርክሞ ነው። የዲር አፍ የሚደርሰው እስከዚያ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ሳየው «እንዴት የጸዳ ጫካ ነው!» ብዬ ነበር። ለካ የራበው ጫካ ነው። የኦክ ችግኝ ብቅ ሲል ይበላል። ሽማግሌው ኦክ ያለ ወራሽ ይሞታል። ዝቅ ብለው ጎጆ የሚሠሩ ወፎች መሸሸጊያ ያጣሉ። የሚተርፈው ዲር የማይወደው መጤ ሳር ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ያለውን ሮክ ክሪክ ፓርክን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ልደት አክብረንበታል፣ ሥጋ ጠብሰንበታል። እዚያም ዲር በዝቶ ጫካው መተካት ስላቃተው የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት በ2013 ማታ ማታ ፓርኩን ዘግቶ በባለሙያ ተኳሾች መቀነስ ጀመረ። ግቡ በአንድ ስኩዌር ማይል ከ15 እስከ 20 ዲር ማድረስ ነበር። ሥጋው ለተቸገሩ ተሰጠ፤ ችግኙም ከዚያ ወዲህ መልሶ መብቀል ጀምሯል። እነዚህ ግን ደመወዝተኛ ተኳሾች ናቸው፤ እዚያ ፓርክ ለአዳኝ አይፈቀድም። የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ደግሞ ተፈትነው የተመረጡ ቀስተኞችን ፓርኮቹ ውስጥ ያስገባል። ዛፍ ላይ ወጥተው ወደ ታች ብቻ ይወረውራሉ። ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ማስታወቂያውን ካያችሁ አትደንግጡ።

«አዳኝ ማለት የትልቅ ቀንድ አሳዳጅ ነው»

እኛ ስለ አደን ያለን ሥዕል የፉከራ ነው። ገዳይ ማለት ጀግና ነው፤ አንበሳ ጥሎ ጎፈር ያጠልቃል፣ ዝሆን ጥሎ ይዘፈንለታል። እዚህም ትልቅ ቀንድ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሞልቷል። የመንጋውን ቁጥር የሚወስነው ግን ቀንዱ አይደለም፤ ሴቷ ናት። አንድ ወንድ ብዙ ሴት ያስረግዛል። ግማሹ ወንድ ቢገደል እንኳ በሚቀጥለው ጸደይ ግልገሉ ያው ነው።

ባልደረባዬ እንደነገረኝ በአባቱ ዘመን ሴት ዲር ላይ መተኮስ ነውር ነበር። መንጋው ገና እያገገመ ስለነበር ሴቷን ጠብቁ ተብለው ነው ያደጉት። ዛሬ ተገላቢጦሽ ሆኗል። ስቴቶቹ እንዲገደል የሚፈቅዱት ቀንድ የሌለው ዲር ቁጥር በብዙ ቦታ ለባለ ቀንዱ ከሚፈቅዱት ይበልጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስን ጨምሮ አንዳንድ ካውንቲዎች ተጨማሪ ባለ ቀንድ የፈለገ መጀመሪያ ሴት መግደል አለበት። የድሮ ሰዎች ይሄን ለመቀበል ተቸግረዋል። በየትም አገር ልማድ ቶሎ አይለቅም።

«አዳኝ በሽተኛውን ስለሚለቅም መንጋው ጤነኛ ይሆናል»

ይሄኛው የአዳኞቹ የራሳቸው ነው። ባልደረባዬን ያናደድኩትም በዚህ ነው። ተኩላ አሳድዶ የደከመውን ይይዛል። ጥይት ግን አያሳድድም። አዳኝ ፊቱ የቆመውን፣ ካገኘ ደግሞ ትልቁን ነው የሚመታው። አደን መንጋውን የሚጠቅመው በቁጥር ነው፤ አፍ ሲቀንስ ምግብ ይተርፋል፣ የቀረው ይወፍራል።

ሌላው ጥቅም ናሙና ነው። ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል፣ ዲርን አክስቶ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ነው፤ አሁን ከ30 በላይ ስቴቶች ገብቷል። ሜሪላንድ የተገኘው በ2010 አሌጌኒ ካውንቲ ውስጥ አዳኝ በገደለው ዲር ነው። መንስኤው ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም፤ ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ሥጋውን ቢቀቅሉት አይጠፋም፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ክትባትም መድኃኒትም የለውም። የታመመው ዲር ከዓመት በላይ ጤነኛ መስሎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በዓይን አይለይም።

ባለፈው ሲዝን አንድ ቅዳሜ ባልደረባዬን ተከትዬ ዲር የሚበልት ሥጋ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ፒክአፕ ተሰልፏል። ከስቴቱ የመጣች ባለሙያ ጓንት አጥልቃ ቆማለች። የአንዱን ዲር ጉንጭ ገለጥ አድርጋ ጥርሱን በትንሽ ባትሪ አየች። ሦስተኛው የመንጋጋ ጥርስ ሦስት ጫፍ ካለው ገና የወተት ጥርሱ ነው፤ ሁለት ከሆነ ተቀይሯል፣ ዓመት ተኩል አልፎታል ማለት ነው። «ሁለት» አለችና ጻፈች። ከዚያ ጉሮሮውን ሰንጥቃ ከኋላ ሁለት እጢ አወጣችና ቁጥር ያለው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ከተተች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። እነዚያ ከረጢቶች ባይኖሩ በሽታው የት እንደደረሰ ለማወቅ በጣም በከበደ ነበር።

ይሁንና አዳኙ ራሱ በሽታውን ሊያዛምት ይችላል። ከተበከለ ቦታ ገድሎ ጭንቅላቱንና አከርካሪውን ሌላ ቦታ ወስዶ ከጣለ አበቃ። ለዚህ ነው ሬሳውን ከነአጥንቱ ከእነዚያ አካባቢዎች ማውጣት የተከለከለው። በሰው ላይ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ሆኖም የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል የተገኘበትን ሥጋ አትብሉ ይላል።

«የተረፈ እንጀራ ብንጥልላቸው ጽድቅ ነው»

እባካችሁ ተዉ! ዲር የሚያመነዥክ እንስሳ ነው። በብርድ ወራት ሆዱ ቅርንጫፍና ቅርፊት ለመፍጨት ተዘጋጅቶ ነው የሚቆየው። ድንገት በቆሎ ወይም ዳቦ ሲገባበት አሲድ ይሞላውና ጠግቦ ሊሞት ይችላል። አንድ ቦታ ሲሰበሰቡም ምራቅ ይለዋወጣሉ፤ በሽታው የሚፈልገውም ይሄንን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሽታው ባለባቸው አካባቢዎች ዲር መመገብ ክልክል ነው።

«ከመግደል ለምን እንዳይወልዱ መርፌ አይወጓቸውም?»

ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። ኒውዮርክ ስታተን አይላንድ ላይ ከ2016 ጀምሮ ወንዶቹን እየያዘ አመከነ። ቁጥሩ ቀነሰ፣ ሚሊዮኖች ዶላርም ወጣበት። ያውም ከሌላ ቦታ እንደልብ የማይገባበት ደሴት ሆኖ ነው።

«ለዱር እንስሳ የሚከፍለው አዳኝ ብቻ ነው»

ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ፣ አዳኝ ይገድላል እንጂ አይከፍልም ይላል። በ1937 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የፈረሙት የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ፣ በሽጉጥ ላይ 10 በመቶ ግብር ይጥላል። ብሩ ለስቴቶች የዱር እንስሳት ሥራ ይከፋፈላል። ሕጉ ብልጥ ነው። ስቴቱ ይህን ብር ማግኘት ከፈለገ የአደን ፈቃዱን ገቢ ለሌላ ነገር ማዋል አይችልም። ገዥው መንገድ ልሥራበት ቢል አይሆንም።

ሌላው ስህተት የአዳኞቹ ኩራት ነው። ዛሬ ያንን ግብር ከሚከፍሉት ብዙዎቹ ጠመንጃ የሚገዙት ቤታቸውን ለመጠበቅ ወይም ዒላማ ለመተኮስ ነው፤ ጫካ ረግጠው አያውቁም። ብሔራዊ ፓርኮቹን ደግሞ በዋናነት እኔና እናንተ በታክሳችን እንከፍላለን። እርሳስ ጥይት የሚያደርሰውን ጉዳትም ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ነው። አዳኝ ሆድ ዕቃውን ጫካ ጥሎ ሲሄድ ፍርፋሪው እርሳስ ንስር ሆድ ይገባል። በ2022 የታተመ ጥናት በ38 ስቴቶች ከተመረመሩት ንስሮች ግማሽ ያህሉ ለረጅም ጊዜ በእርሳስ እንደተመረዙ አሳይቷል። መዳብ ጥይት አለ። ባልደረባዬ ቀይሯል፤ ጓደኞቹ «ውድ ነው» ይላሉ።

«ዲር ከቀነሰ ላይም ይጠፋል»

ላይም መዥገር ወደ ሰው የሚያስተላልፈው በሽታ ነው። ዲር ሲቀንስ ግን በቀጥታ አይጠፋም። ትልቁ መዥገር ዲር ላይ ይጠግባል፣ ይራባል። የላይምን ባክቴሪያ ግን ከዲር አይወስደውም፤ በብዛት የሚወስደው ከአይጥ ነው። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ መክተቱን አትተዉ።

«ሥጋውን ሬስቶራንት ይሸጡታል»

አይችሉም። የታደነ ዲር ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው፤ ሬስቶራንት የምታገኙት በእርባታ ያደገ ነው። የታደነው ይበላል ወይም ይሰጣል። ቨርጂኒያ ከ1991፣ ሜሪላንድ ከ1997 ጀምሮ የአዳኞችን ሥጋ ለተራቡ የሚያደርሱ ማኅበራት አሏቸው።

ለኔም ደረሰኝ። ሥጋው ከበሽታው ነጻ መሆኑን በምርመራ ካወቀ በኋላ ባልደረባዬ ሁለት ኪሎ የሚሆን በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የጠመንጃው ሲዝን የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው፤ የገና ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ሥጋው የመጣው ጾሙ መሃል ነው። ፍሪዘር ከተትኩት። ለገና ጥብስ ይሆናል ብዬ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።

«ዋላ ይበላል፤ ኦሪትም ከሚበሉት ቆጥሮታል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ትንሽ ዝም አለችና፣ «ለመሆኑ ሰውዬው በስመ አብ ብሎ ነው ያረደው?»

«እማዬ፣ በጥይት እኮ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ገና አልፏል። ሥጋው አሁንም ፍሪዘር ውስጥ ነው።