የኢያሱ ዛፍ የእሳት እራት

«የእሳት እራት» ሲባል ወዲያው የሚታወሰን ማታ አምፖል ሲዞር የሚያመሸው በራሪ ነው። ይቺኛዋ ግን የምትበረው በቀን ነው። ትንሽ ናት፣ መልኳም ጥቁር። አገሯ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሞሃቪ በረሃና የተራሮቹ ተዳፋት ሲሆን፣ ኑሮዋ ከአንድ ዛፍ ጋር የተቆራኘ ነው።

ዛፉ ጆሹዋ ትሪ ይባላል፤ በእኛ አፍ የኢያሱ ዛፍ። የሞርሞን ሰፋሪዎች ቅርንጫፎቹ እጁን የዘረጋውን ኢያሱ ወልደ ነዌን ቢመስሏቸው ነው ስሙን ያወጡለት ይባላል።

ይህ ዛፍ ዘር እንዲቋጥር ንብም ነፋስም አይጠቅመውም። ያለ እሷ አይሆንለትም። እንስቷ አፏ አካባቢ ብናኝ መሰብሰቢያ ክንድ መሳይ ነገር አላት። ከአበባ ብናኝ ትለቅማለች፣ አድበልብላ አገጯ ሥር ትይዘዋለች። ሌላ አበባ ውስጥ ገብታ እንቁላል ትጥልና ብናኙን በሴቴው ክፍል ላይ ትጠቀጥቃለች። ንብ አበባ የምታዳቅለው ምግቧን ስትፈልግ በአጋጣሚ ነው። ይቺ ግን ሥራዬ ብላ ነው የምትሠራው፤ ለራሷማ ምንም አትበላም። የሚበሉት ልጆቿ ናቸው፣ ምግባቸውም ዘሩ ነው። ደግነቱ ሁሉንም አይጨርሱትም።

እጮቹ ሲጠግቡ ወርደው አፈር ውስጥ ይተኛሉ። እንቅልፉ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። የቅርብ ዘመዷ የሆነ ሌላ ዝርያ ላብራቶሪ ውስጥ 30 ዓመት ተኝቶ ክንፍ አውጥቷል!

የኢያሱ ዛፍ የሚመደብበትን የዩካ ተክልንና የእሳት እራቱን ሽርክና የነፍሳት አጥኚው ቻርልስ ራይሊ እ.ኤ.አ. በ1872 ሲገልጸው ዳርዊን ሳይቀር ተደንቋል። የኢያሱ ዛፏ በራሪ በ1892 ስም አገኘች። በ2003 ደግሞ አንድ ሳትሆን የምዕራብና የምሥራቅ ሁለት ዝርያ መሆኗ ተለየ። የምዕራቧ ተለቅ ያለች ናት፣ የእንቁላል መጣያዋም ረዘም ይላል፤ የምዕራቡ ዛፍ አበባም እንደዚያው ጥልቅ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ኔቫዳ ውስጥ ቲካቡ ሸለቆ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 መብረቅ ያስነሳው እሳት በሞሃቪ በረሃ ሲማ ዶም በተባለ ስፍራ 1.3 ሚሊዮን ገደማ የኢያሱ ዛፎችን አቃጠለ። ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኞች ችግኝ ሲተክሉ ግመሎች ጭነት አግዘዋቸዋል። ችግኙ ግን አበባ እስኪያወጣ ብዙ ዓመት ይፈልጋል።