ከተረኛ ነርስ እስከ ሜትሮን፦ የነርሲንግ አመራርና ሙያን የማሳየት ጉዳይ

«ሜትሮን» የሚለው መጠሪያ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከመመሪያዎች እየወጣ ቦታውን «የነርሲንግ ዳይሬክተር» ለሚለው ቢለቅም፣ በኮሪደሩ ላይ ግን ዛሬም ይጠራል። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ የሴት መጠሪያ ነው። እኛ ዘንድ ግን ወንዱም ሜትሮን ይባላል። ነርሶችን በየዋርዱ የሚደለድለው፣ የተረኛ ፕሮግራም የሚያጸድቀው፣ አዳር ላይ ሰው ሲጎድል የሚደወልለት፣ ቤተሰብ ሲቆጣም የሚጠራው ይኸው ሰው ነው።

ወደዚህ ቦታ የሚወስደው የተለመደው መንገድ ከተረኛ ነርስነት ይጀምራል። ቀጥሎ የሽፍት መሪነት፣ ከዚያ ሄድ ነርስ ወይም የዋርድ ኃላፊነት ይመጣል። ከዚያም በአዳርና በበዓል ቀን መላውን ሆስፒታል የሚዞረው ሱፐርቫይዘር አለ። ከዋርድ ውጭም በሮች አሉ፤ የጥራት ክፍል፣ የኢንፌክሽን መከላከል፣ የወረዳና የዞን ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ማስተማር። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅነትም ራሱን የቻለ ሙያ መሆን የጀመረው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ከከፈተ ወዲህ ነው።

የሙያው ታሪክ በኢትዮጵያ ከፍ ያለ መነሻ አለው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። የንጉሥ ልጅ አልጋ ማንጠፍንና ሕፃን ማጠብን ሙያዬ ብላ መያዟ በዚያን ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ከነጻነት በኋላ አገሯ ተመልሳ በእ.ኤ.አ. 1942 ነቀምት ውስጥ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነቷ አረፈች። በስሟ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። በእ.ኤ.አ. 1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። እነዚያ ነርሶች በደረሱበት ጤና ጣቢያ ራሳቸው ወስነው ሠርተዋል። የነርስ አመራር ለኢትዮጵያ አዲስ ግኝት ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ታሪክ ቢያይ ጥሩ ነው።

ዋናው ችግር ያለው ሥራውን በማሳየት ላይ ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚል አባባል ይዘን አድገናል። አባባሉ ትሕትናን ያስተምራል፤ ነገር ግን በሆስፒታል ውስጥ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዲት ነርስ የወለደችን እናት የልብ ምት ስትቆጥር መጨመሩን፣ የደም ግፊቷም መውረዱን ታያለች፤ ደም እየፈሰሳት ነው። ማሕፀኑን ታሻለች፣ ፈሳሽ ትከፍታለች፣ ሐኪም ታስጠራለች። እናቲቱ ትድናለች። ጠዋት ካርዱ ላይ የሚነበበው ግን «በጥሩ ሁኔታ አደረች» የሚል ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተደረገው ክትትልና ውሳኔ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተውጦ ቀረ። ቀጣዩ ተረኛ አደጋው እንደገና ሊመጣ እንደሚችል አያውቅም፤ የዋርድ ኃላፊ ለመሾም ወረቀት የሚያገላብጠው ኮሚቴም ያቺን ነርስ አያያትም። ስለዚህ የሙያ እድገት ምክር ሁሉ መጀመር ያለበት ከካርዱ ነው ብዬ አምናለሁ። በስንት ሰዓት ምን ታየ፣ ምን ተደረገ፣ ማን ተጠራ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ የሚለው በትክክል ሲጻፍ ታካሚውንም ጸሐፊውንም ይጠብቃል።

ሁለተኛው መታያ ተረኛ ለተረኛ ስለ ታካሚው የሚያደርገው ርክክብ ነው። በብዙ አገሮች የተለመደው ዘዴ ንግግሩን በአራት ይከፍለዋል፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የኋላ ታሪኩ፣ የነርሷ ግምገማ፣ መደረግ አለበት የምትለው ሐሳብ። ብዙዎቻችን ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ስንደርስ ድምፃችን ይቀንሳል፤ «ሐኪሙ ያውቃል» ብለን እንተወዋለን። «እንደኔ ግምት እየደማች ነው፤ አሁኑኑ ይምጡ» ማለት የሚችል ሰው ግን ሹመት ሳይሰጠው መሪ ሆኗል።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው፣ ቁጥር ነው። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል የምትታወሰው በፋኖሷ ነው። የእንግሊዝን ባለሥልጣናት ያሳመነችው ግን በክራይሚያ ጦርነት ብዙ ወታደሮች ከቁስል ይልቅ መከላከል በሚቻል በሽታ መሞታቸውን በሥዕላዊ ሰንጠረዥ በማሳየቷ ነው። በእኛም አገር በእ.ኤ.አ. 2010 የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለነርሲንግ አገልግሎት የራሱን ምዕራፍ ሰጥቷል። በእ.ኤ.አ. 2012 ደግሞ ሆስፒታሎች እርስ በርስ የሚማማሩበት የጥራት ጥምረት ተቋቁሟል። ስለዚህ በዋርዷ ስንት ታካሚ የመኝታ ቁስል እንደያዘው ለአንድ ወር የቆጠረች፣ ታካሚ የማገላበጫ ሰዓት አውጥታ ሞክራ በሚቀጥለው ወር መልሳ የቆጠረች ነርስ ውጤቷን የምታቀርብበት መድረክ አላት። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተር፣ እስክሪብቶና ጽናት ይበቃል። የሥራ ታሪኳን ስትጽፍም «ታታሪና ተግባቢ ነኝ» ከሚለው ይልቅ ይህች አንዲት ሥራ ስለ እሷ ብዙ ትናገራለች።

የወረቀቱ መንገድ በአጭሩ ይህን ይመስላል። በኮሌጅ ደረጃ የተመረቁ ነርሶች ወደ ዲግሪ ያድጋሉ፤ ከዲግሪ በኋላ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን እያሉ የሚለዩ መስኮች አሉ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ተመራቂ የብቃት ምዘና ፈተና ይወስዳል፤ የሙያ ፈቃድ ማደስም ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ጋር ተያይዟል። ይሁንና ጎበዝ ነርስ ስለሆነች ብቻ ኃላፊ የተደረገች ሴት ምን ያህል ብቻዋን እንደምትቀር መናገር አለብኝ። ደም ሥር ፈልጎ ማግኘት ሌላ፣ ትናንት አብረዋት ቡና ይጠጡ የነበሩትን ጓደኞች በፋሲካ አዳር መመደብ ሌላ ነው። በጀት፣ ድልድልና ግጭት መፍታት ከሹመቱ በፊት መማር ያለባቸው ነገሮች ናቸው፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሜትሮኗ በዓመት ፈቃድ ስትወጣ ተክቶ መሥራት ነው።

ጉዳዩ የሴቶችም ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2019 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከዓለም የጤና ሠራተኞች 70 በመቶው ሴቶች ሲሆኑ በከፍተኛ የአመራር ቦታ ላይ ያሉት ግን 25 በመቶ ብቻ ናቸው። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ድርጅቱን መምራት በጀመሩበት በእ.ኤ.አ. 2017 ከኩክ ደሴቶች የመጡትን ኤሊዛቤት ኢሮን የድርጅቱ ዋና ነርስ አድርገው መሾማቸው ነርሶችን ያስደሰተው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ሙያውን የሚጀምሩት በነርስ ረዳትነት ነው። እየሠሩ ተምረው ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና አልፈው ነርስ ይሆናሉ። ከዚያ ቀጥሎ ቻርጅ ነርስ (የሽፍት መሪ)፣ የነርስ ማናጀር፣ ዳይሬክተር እየተባለ ይሄዳል። ማግኔት የሚባለውን የነርሲንግ ጥራት ዕውቅና የያዙ ሆስፒታሎች የነርስ ማናጀሮቻቸው ቢያንስ በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖራቸው ይጠየቃሉ። ሆኖም ሐበሻውን ብዙ ጊዜ የሚፈትነው ቃለ መጠይቁ ነው። «አንድ ችግር የፈታሽበትን ጊዜ ንገሪን» ሲሏት «ተባብረን ሠራን» ትላለች። በእኛ ጆሮ ይህ ጨዋነት ነው፤ ጠያቂው ግን ከመልሱ ውስጥ እሷን ፈልጎ ያጣታል። እውነቱን ሳትለቅ እንዲህ ማለት ትችላለች፦ «ለውጡን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሐኪሙን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ባልደረቦቼ ደም አመጡልኝ።»