ተመልሶ የሚመጣው ኢንስፔክሽን ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር ኬር ሥራ (የእንክብካቤ ሥራ) የገባ አበሻ «ኢንስፔክሽን አለ»፣ ማለትም የተቆጣጣሪ ምርመራ አለ፣ የሚለውን ወሬ ያውቀዋል። ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብደው ግን ሁለተኛው ነው፤ ጉድለት ከተገኘ በኋላ «እውነት ተስተካክሏል?» ብሎ ለማየት የሚመጣው።

እዚህ የማወራው በሰፖርትድ ሊቪንግ ስላለው ምርመራ ነው። ሰፖርትድ ሊቪንግ ማለት የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በራሱ ስም ቤት ተከራይቶ፣ እንክብካቤውን በሌላ ውል ከድርጅት የሚያገኝበት አኗኗር ነው። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእንግሊዝን ጤናና እንክብካቤ የሚቆጣጠረው ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን (ሲኪውሲ) የሚመረምረውም ቤቱን ሳይሆን እንክብካቤውን ነው፤ ማጠቡን፣ ማልበሱን፣ ማብላቱን። መርማሪዋ ወደ ሰውየው ቤት የምትገባው እሱን አስፈቅዳ ነው። ይህን ደንብ እወደዋለሁ። ደጁ የእሱ ነው።

ኮሚሽኑ አምስት ነገር ይጠይቃል፦ ደህንነት፣ ውጤታማነት፣ ርኅራኄ፣ ለሰውየው ፍላጎት የሚሰጠው ምላሽ፣ አመራር። ተመልሶ ሲመጣ በአብዛኛው ጉድለት የተገኘባቸውን ብቻ ያያል፤ ብዙ ጊዜ ደህንነትና አመራር ናቸው።

መድኃኒትን እንውሰድ። ማር ቻርት (MAR chart) በሚባለው የመድኃኒት መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ሠራተኛው መድኃኒት በሰጠ ቁጥር ይፈርማል። በመጀመሪያው ምርመራ ቅጹ ላይ ያልተፈረመባቸው ባዶ ሳጥኖች ተገኙ እንበል። ከ3 ወር በኋላ ሳጥኑ ሁሉ ተፈርሟል። ተሻሻለ ማለት ነው? ገና ነው። መርማሪዋ የእንክብሉን ካርቶን አስወጥታ ትቆጥራለች። 28 እንክብል ገብቶ 11 ጊዜ ከተፈረመ 17 መቅረት አለበት። 18 ከተገኘ ሳይሰጥ የፈረመ ሰው አለ። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ያቺ አንዲት እንክብል ሌሊቱን የምትወስን ልትሆን ትችላለች።

ስለ አመራር የሚጠየቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ያቺን ትርፍ እንክብል መርማሪዋ ከመምጣቷ በፊት ማናጀሩ ራሱ አግኝቷት ነበር? አግኝቶስ ምን አደረገ? ጥሩ ድርጅት ስህተት የማይገኝበት አይደለም፤ ስህተቱን ራሱ ፈልጎ የሚያገኝ ነው። አሠራሩ ተስተካክሎም ኮሚሽኑ ለድርጅቱ የሚሰጠው ደረጃ ወዲያው ከፍ የማይልበት ጊዜ አለ፤ ሁለት ወር የቆየ ለውጥ ገና ሥር አልሰደደምና። ሠራተኞች በዚህ ሲያዝኑ አይቻለሁ፤ እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ።

ወረቀት ብቻ ማየት ምን እንደሚያስከትል በ2011 (እ.ኤ.አ.) ታይቷል። ብሪስቶል አጠገብ በነበረው ዊንተርቦርን ቪው ሆስፒታል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሲደበደቡ የቢቢሲ ድብቅ ካሜራ አሳየ። አንድ ነርስ አስቀድሞ ለኮሚሽኑ ጠቁሞ ነበር፤ በጊዜው የደረሰለት የለም። ስለዚህ ዛሬ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ነዋሪው ይጠየቃል፣ የሌሊት ሺፍት ሠራተኛውም ይጠየቃል።

ለሠራተኛው የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ «ይህ ሰው አይናገርም። ሲያመው በምን ያውቃሉ?» «ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ ዕቅዱ) ላይ አለ» የሚል መልስ የሚሰጥ አለ። «ጥርሱን ሲያመው የግራ እጁን ይነክሳል፤ ሻዩንም ሳይጠጣ ይተወዋል» የሚልም አለ። መርማሪዋ የምትጽፈው ይህን ሁለተኛውን ነው።