የጀርመን የመርከብ ኩባንያዎች ባንዲራ

ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ከአንድ በላይ ባንዲራ ይሰቅላል። ከኋላ ጫፉ የሚውለበለበው የተመዘገበበትን አገር ይናገራል። ከፊት በኩል ከፍ ብሎ የሚታየው የእንግድነት ነው፤ የገባበትን አገር ለማክበር የሚሰቀል። ከእነዚህ ሌላ በዋናው ምሰሶ ላይ የሚሰቀል አንድ ጨርቅ አለ። እሱ የባለቤቱ ነው። ጀርመኖች «ሬዴራይፍላገ» ይሉታል፤ የመርከብ ድርጅት ባንዲራ ማለት ነው። በድሮው ዘመን «ኮንቶርፍላገ»፣ የቢሮ ባንዲራ፣ የሚሉትም ነበሩ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ባንዲራ በሕግ የተደነገገ አይደለም። ለመርከቡ ዜግነት አይሰጥም። ቀለሙንና ቅርጹን የሚመርጠው ባለቤቱ ራሱ ነው። እኛ «ሰንደቅ ዓላማ» ስንል ሰንደቁ እንጨቱ፣ ዓላማው ምልክቱ ነው። የጀርመን ነጋዴዎች ባንዲራም በዚህኛው ስሜት ዓላማ ነው፤ ከሩቅ የሚታወቅበት ምልክት።

ለምን አስፈለገ? ሃምቡርግ ባሕር ዳር ያለች ከተማ አይደለችም። ከባሕሩ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብላ በኤልበ ወንዝ ላይ ነው ያለችው። መርከብ ልኮ ለወራት ወሬ ያልሰማ ነጋዴ እንቅልፍ የለውም። መርከቡ ደህና መግባቱን አንድ ቀን ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ዕቃውን ለመሸጥ ይደራደራል፣ ጫኝና አውራጅ ያዘጋጃል። ስለዚህ በወንዙ አፍ ባለችው በኩክስሃፈን ጠባቂዎች በመነጽር ባሕሩን ያዩ ነበር። በ1838 ከኩክስሃፈን እስከ ሃምቡርግ የእይታ ቴሌግራፍ ተዘረጋ። ማማ ላይ የቆሙ ክንዶች በአቀማመጣቸው ምልክት እየሰጡ፣ ከማማ ማማ እየተቀባበሉ ዜናውን ያደርሳሉ። ሬዲዮ በሌለበት ዘመን በመነጽር የሚያይ ሰው የመርከቡን ስም ከማንበቡ በፊት የሚለየው ባንዲራውን ነው። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ባንዲራዎች ቀላል የሆኑት፤ ሁለት ቀለም፣ አንድ ፊደል፣ አንድ መልህቅ። ጥቃቅን ሥዕል ከሩቅ አይታይም።

ቀለሞቹን ለመረዳት ከተሞቹን ማወቅ ይጠቅማል። እስከ 1867 ድረስ የጀርመን የንግድ መርከቦች የጋራ ባንዲራ ይዘው አይጓዙም ነበር። የሃምቡርግ መርከብ የሃምቡርግን፣ የብሬመን መርከብ የብሬመንን ይሰቅላል። የሃምቡርግ ቀይ መደብ ላይ ነጭ ግንብ ነው። የብሬመን ቀይና ነጭ መስመር ሲሆን፣ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ በፍቅር «የስብ ባንዲራ» ይለዋል፤ መስመሮቹ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ ስለሚመስሉ። ብዙ ኩባንያዎች ባንዲራቸውን ሲያወጡ ከከተማቸው የወሰዱት ነገር አለ። በ1871 ሃምቡርግ ላይ የተመሠረተው ሃምቡርግ ዙድ ቀይና ነጭን ይዞ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲመላለስ ኖሯል።

ከሁሉ ግልጹ የብሬመኑ ኖርድዶይቸር ሎይድ ነው። በ1857 ሄርማን ሄንሪሽ ማየርና ኤድዋርድ ክሩዘማን መሠረቱት። ባንዲራው ነጭ ነው። መሐሉ ላይ ሰማያዊ መልህቅና ሰማያዊ ቁልፍ ተሻግረው ተጠላልፈዋል፤ የዛፍ ቅጠል ጉንጉን አለበት፣ የኦክ። ቁልፉ የብሬመን ከተማ አርማ ነው። ከየት መጣ ቢሉ፣ የካቴድራሉ ጠባቂ ቅዱስ ጴጥሮስ ነው። «የመንግሥተ ሰማያትንም መክፈቻዎች እሰጥሃለሁ» የተባለለት ያው ሐዋርያ። እንግዲህ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ከተማ አርማ፣ ከከተማ አርማ ወደ ምሰሶ ጫፍ ሄደ ማለት ነው። እዚያም አልቆመም። በኩባንያው መርከቦች ሳህን፣ ማንኪያና ፎጣ ላይ ሁሉ ገባ። የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዛሬም ይፈልጉታል፤ ሳህኑን ገልበጥ ወይም ጠርዙን አየት ሲያደርጉ ቁልፍና መልህቁ ካለበት የሎይድ ነው።

የሃምቡርጉ ተፎካካሪ ሃፓግ በ1847 ነው የተቋቋመው። ባንዲራው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በአራት ሦስት ማዕዘኖች የተከፈለ፣ ሰማያዊና ነጭ ነው። መሐል ላይ ጥቁር መልህቅ አለ፤ በመልህቁ ላይ ደግሞ የኩባንያውን ፊደላት የያዘ ቢጫ ጋሻ። እኔ ብጠየቅ ከጀርመን ባንዲራዎች ሁሉ ከሩቅ በደንብ የሚለየው ይህ ነው። በአልበርት ባሊን አመራር ዘመን ሃፓግ በዓለም ትልቁ የመርከብ ኩባንያ ሆነ። ባሊን ከሃምቡርግ የአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚሰደደውን ሕዝብ በብዛት ያጓጓዙት ሃፓግና ሎይድ ነበሩ። ለዚያ ስደተኛ በሕይወቱ መጀመሪያ ያየው የውቅያኖስ መርከብ ከነዚህ ሁለት ባንዲራዎች አንዱን የሰቀለ ነው።

ወደ ሪክመርስ ልሻገር፤ የሱ ነገር ደስ ይለኛል። ሪክመር ክላዘን ሪክመርስ በ1807 በሄልጎላንድ ደሴት ተወለደ። ሄልጎላንድ በሰሜን ባሕር መሐል ያለች ቀይ ቋጥኝ ናት። በ1834 ብሬመርሃፈን ላይ መርከብ መሥራት ጀመረ፤ ቤተሰቡ ቀጥሎ ወደ መርከብ ማጓጓዝ ገባ። ባንዲራቸው ከላይ አረንጓዴ፣ መሐሉ ቀይ፣ ከታች ነጭ ነው፤ ቀዩ ላይ የስማቸው መነሻ ፊደል ተጽፏል። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ነጭ የደሴቲቱ ቀለሞች ናቸው። የደሴቲቱ ልጆች የሚያውቁት የቆየ ግጥም አለ፤ መሬቱ አረንጓዴ፣ ገደሉ ቀይ፣ አሸዋው ነጭ ይላል። ሰውየው ከደሴቱ ወጥቶ ሀብታም ሆነ፤ ባንዲራው ግን ከደሴቱ አልወጣም። ሃምቡርግ ወደብ ላይ ዛሬ ሙዚየም የሆነች በልጅ ልጁ ስም የምትጠራ ባለ ሸራ መርከብ አለች። በ1896 የተሠራች ናት። አካሏ አረንጓዴ ነው።

ስለ ላይስ ቤተሰብ ግን ረዘም አድርጎ መናገር ይገባል። ፌርዲናንድ ላይስ ባርኔጣ ሠሪ ነበር። በ1824 ሃምቡርግ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ባርኔጣዎቹን እስከ ደቡብ አሜሪካ ይልክ ነበር። በ1839 የመጀመሪያ መርከቡን አሠራ፤ «ካርል» አላት፣ በልጁ ስም። ባንዲራው ከዚህ በላይ ሊቀልል አይችልም፦ ነጭ ጨርቅ፣ የስሙ መነሻ የሆኑ ሁለት ቀይ ፊደላት። በቃ።

የካርል ሚስት ሶፊ ጸጉሯ ከርዳዳ ነበር። ቤተሰቡ በፍቅር «ፑድል» ይላታል፤ እንደዚያ ዓይነት ጸጉር ባለው ውሻ። በ1850ዎቹ አንድ መርከብ በዚህ ቅጽል ስም ተሰየመ። ከዚያ ወዲህ የላይስ መርከቦች ስም በ«ፐ» ድምፅ እንዲጀምር ልማድ ሆነ። ፖቶሲ፣ ፕሮይሰን፣ ፓሚር፣ ፔኪንግ፣ ፓሳት፣ ፓዱዋ። መርከበኞች «በራሪዎቹ ፐዎች» አሏቸው። ከቺሊ ለማዳበሪያና ለፈንጂ የሚሆን ናይትሬት ጭነው፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ማዕበሉ በሚያስፈራው በኬፕ ሆርን ዞረው በሸራ ብቻ ይመላለሱ ነበር። ያውም እንፋሎት በነገሠበት ዘመን። በ1902 የተሠራችው ፕሮይሰን አምስት ምሰሶ ነበራት። በ1910 በእንግሊዝ ጠረፍ ከአንድ የእንፋሎት መርከብ ጋር ተጋጭታ በዶቨር አቅራቢያ ጠፋች። የኩባንያው ሕንፃ ላይስሆፍ እስከ ዛሬ ሃምቡርግ መሐል ቆሟል። ጣሪያው ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ንስር ወይም አንበሳ አይደለም። ከነሐስ የተሠራ ፑድል ውሻ ነው።

የላይስን ባንዲራ ከመርከቡ ኋላ ከሚሰቀለው ጋር አስተያዩት። ከላይ ሁለቱ ቀይ ፊደላት አልተነካኩም። ከኋላ ግን መጀመሪያ የሃምቡርግ ግንብ ነበር። ከ1867 ጀምሮ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ሆነ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያው ላይ በማዕዘኑ ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ ተጨመረ። ናዚዎች መጥተው ያንን አነሱ። በሐምሌ 1935 የሎይድ መርከብ «ብሬመን» ኒውዮርክ ቆማ ሳለ ተቃዋሚዎች ወጥተው የናዚን ባንዲራ ገንጥለው ሃድሰን ወንዝ ወረወሩት። በመስከረም ደግሞ ሂትለር ያንኑ ባንዲራ ብቸኛው የአገሪቱ ባንዲራ እንዲሆን በሕግ አወጣ። ጦርነቱ ሲያልቅ ጀርመን ባንዲራም አልነበራት። አሸናፊዎቹ በ1946 የጀርመን መርከቦች ከኋላ አንድ የመገናኛ ምልክት ብቻ እንዲሰቅሉ አዘዙ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጫፉ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ። ዛሬ የምናውቀው ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ በመርከቦቹ ላይ በሕግ የጸናው በ1951 ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህ ሁሉ ተለዋወጠ። ለአንድ ሽማግሌ መርከበኛ ሳይለወጥ የቀረው የድርጅቱ ባንዲራ ነው። ለኔ የዚህ ጨርቅ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው።

የድርጅቱ ባንዲራም ቢሆን የሚወርድበት ጊዜ ነበር። የቬርሳይ ውል ጀርመን 1,600 ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ የንግድ መርከቦቿን በሙሉ እንድታስረክብ አስገደዳት። የሃፓግ ኩራት የነበረችው «ኢምፔራቶር» ለእንግሊዙ ኩናርድ ሄደች፤ የሃፓግ መልህቅ ወርዶ የኩናርድ ወርቃማ አንበሳ ተተካ። «ቢስማርክ» ወደ ሌላው የእንግሊዝ ኩባንያ ወደ ዋይት ስታር ሄዳ «ማጀስቲክ» ተባለች። ላይስ ግን አንዳንዶቹን ሸራ መርከቦች መልሶ ገዛ። ፔኪንግ በ1923፣ ፓሚር በ1924 ወደ ቀድሞ ባንዲራቸው ተመለሱ።

ስለ አፍሪካም መናገር ግድ ነው። የሃምቡርጉ ቬርማን ቤት በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ይነግድ ነበር። በሐምሌ 1884 ከዱዋላ ነገሥታት ጋር ካሜሩንን ለጀርመን አሳልፎ የሰጠውን ውል የተፈራረሙት የቬርማንና የአንድ ሌላ ድርጅት ወኪሎች ናቸው። የጀርመን መንግሥት ባንዲራ የተሰቀለው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ጠረፍ የነጋዴው ባንዲራ ቀድሞ መጥቷል። በ1904 በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ፣ በሄሬሮ ሕዝብ ላይ ለተካሄደው ጦርነት ወታደርና ፈረስ ያመላለሱትም የቬርማን መርከቦች ነበሩ። ባንዲራዎቹ ያምራሉ ብለን ይህንን ልንዘለው አንችልም።

የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ባንዲራው ባልንጀራ አገኘ፤ የጭስ ማውጫውን። ትልቅ ነው፣ ነፋስ አያጣጥፈውም፣ ከሩቅ ይታያል። ሎይድ ቢጫ ቀባው። ሃምቡርግ ዙድ ነጭ አድርጎ ጫፉን ቀይ አደረገ። ቀስ በቀስ መርከብን በጭስ ማውጫው መለየት የተለመደ ሆነ።

የኮንቴይነር ዘመን ደግሞ ብዙ ባንዲራዎችን አጠፋ። የኮንቴይነር መርከቦች ዋጋ ለአንድ ድርጅት ብቻውን የሚቻል አልነበረም። በመስከረም 1970 ለ100 ዓመት የተፎካከሩት ሃፓግና ሎይድ ተዋሃዱ፤ ሃፓግ ሎይድ ሆኑ። ከብሬመን ተነስቶ ወደ ሕንድና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይጓዝ የነበረው ሀንዛ በ1980 ከሰረ። ሃምቡርግ ዙድን በ2017 የዴንማርኩ ማርስክ ገዛው። ላይስ ግን ዛሬም አለ። የድሮዋ ፔኪንግም ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ በ2020 ወደ ሃምቡርግ ተመልሳለች።

ዛሬ ብዙዎቹ የጀርመን ባለቤቶች መርከቦቻቸውን የሚያስመዘግቡት በላይቤሪያ፣ በማዴይራ ወይም በአንቲጓና ባርቡዳ ነው። ሃምቡርግ ከመድረስ በፊት ቬደል በምትባል ከተማ ከ1952 ጀምሮ የሚያልፉ ትልልቅ መርከቦችን የሚቀበል ጣቢያ አለ። የሃምቡርግ ባንዲራ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ የመርከቡ አገር መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይሰማል። መዝሙሩ የሚመረጠው ከኋላ ባለው ባንዲራ ነው። ስለዚህ ባለቤቷ ሃምቡርግ ውስጥ ቢሮ ያለው መርከብ ቤቷ ስትገባ የላይቤሪያን መዝሙር ትሰማለች። ባለቤቱን ማወቅ የፈለገ ሰው ምሰሶዋንና የጭስ ማውጫዋን ነው ማየት ያለበት።