«ባሩ ከፍ ያለ ጉልበተኛ ነው» እና ሌሎች የኮምፕረሰር ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ የኮምፕረሰር ድምፅ የማይሰማበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ባጃጁ ጎማ ይሞላበታል፣ በጅቡቲ መስመር የሚመላለሰው ከባድ መኪና ይቆምለታል፣ ቀለም ቀቢው ይረጭበታል፣ መካኒኩ ፊልትሮ ያራግፍበታል። የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር ስንገባም ያው ነው። ይህን ያህል ሰው እንጀራ የሚበላበት ማሽን ሆኖ ሳለ ስለ አመራረጡና ስለ አያያዙ የሚነገረው ብዙው ነገር የተሳሳተ ነው፤ አንዳንዱ ገንዘብ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ሕይወት።

ስህተቱ የሚመነጨው በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ነው። ሰው የሚያየው የጌጁን፣ የግፊት መለኪያውን፣ ቀስት ብቻ ነው። ቀስቱ ደግሞ የሚናገረው በባር የሚለካውን ግፊት ነው። በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚገባ፣ አየሩ ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ ታንኩ ከውስጥ ይበላ አይበላ ቀስቱ አያውቅም።

«300 ባር የሚሰጠው ትንሹ ማሽን ከጎሚስታው ይበልጣል»

በእጅ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ትንሽ ኮምፕረሰር አለ፤ በታመቀ አየር የሚተኩስ ጠመንጃን የአየር ጠርሙስ ለመሙላት የተሰራ። በመኪና ባትሪም በ220 ቮልትም የሚሰራ ይገኛል። ማስታወቂያው 300 ባር ይላል፤ በሌላው የግፊት መለኪያ፣ በፒኤስአይ፣ ከ4,300 በላይ መሆኑ ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ባር ነው። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያየ ልጅ «አቦ፣ ይሄኮ ሰላሳ እጥፍ ነው፤ ያውም ሻንጣ ውስጥ ይገባል!» ቢል አይፈረድበትም።

ሰላሳ እጥፍ የሆነው ግን ግፊቱ እንጂ አየሩ አይደለም። ማሽኑ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ፒስቶን አየሩን በመጠኑ ጨምቆ ለሁለተኛው ያቀብላል፤ ሁለተኛው ከጣት የቀጠነ ስለሆነ በትንሽ ሞተር ያን ያህል ግፊት መፍጠር ይችላል። ዋጋው በሌላ በኩል ይከፈላል፤ በደቂቃ የሚያስገባው አየር ትንሽ ነው። ግማሽ ሊትር ለምትይዝ የጠመንጃ ጠርሙስ ይበቃል። የከባድ መኪና 12.00-20 ጎማ ግን ወደ 175 ሊትር ይይዛል፤ 8 ባር ለማድረስ 1,400 ሊትር ያህል አየር መግባት አለበት። በደቂቃ 25 ሊትር የሚሰጥ ማሽን ይህን ለመሙላት አንድ ሰዓት ገደማ ሳያርፍ መሮጥ ይኖርበታል። ሳያርፍ እንዲሮጥ ደግሞ አልተሰራም። ከሁሉ የሚያስፈራው ጎማ ላይ በቀጥታ ከተሰካ ብዙ ጊዜ 8 ባር ላይ የሚያቆመው ነገር አለመኖሩ ነው።

ማሽኑን ለተሰራለት ስራ የያዘ ሰው ሌላ ጥንቃቄ ይጠብቀዋል። በ300 ባር ሲጨመቅ አየሩ እርጥበቱን ይጥላል፤ ስለዚህ በየመሃሉ ማስተንፈሻውን ከፍቶ ውሃውን ማስወጣት፣ የማድረቂያ ፊልትሮውንም ሳይጠቁር መቀየር ግድ ነው። ለድሬ ሰው ደግሞ ሰዓት መምረጥ ትልቅ ነገር ነው። ቀትር ላይ ማሽኑ ገና ሳይነሳ 35 ዲግሪ ላይ ስለሆነ አምራቹ የወሰነለትን ሙቀት ቶሎ ይነካል፤ ጠዋት ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ መሙላት ፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበት) እና ኦሪንግ የሚባሉትን ማሸጊያዎች ያቆያል። ቱቦውና መገጣጠሚያው ላይ የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ መቀባት ፈጽሞ አይገባም። በዚያ ግፊት በድንገት የተጨመቀ አየር በጣም ስለሚግል ዘይቱን ሊያቀጣጥለው ይችላል፤ የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚነሳውም በዚሁ መንገድ ነው።

«ታንኩ ትልቅ ከሆነ አየሩ ብዙ ነው»

ታንክ አየር ያስቀምጣል እንጂ አያመርትም። የሚያመርተው ከላይ የተቀመጠው ፓምፕ ነው። ደካማ ፓምፕ የተጫነበት 300 ሊትር ታንክ የመጀመሪያዎቹን ጎማዎች በደስታ ይሞላና ከዚያ ወዲያ ደንበኛውን ፀሐይ ላይ ያቆመዋል።

ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥርም መታወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ፒስቶኑ የሚስበው አየር መጠን ነው፤ ታንክ ውስጥ የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው። እውነተኛውን ለማወቅ ከሱቁ ሳይወጡ መለካት ይቻላል። ታንኩን ባዶ ያድርጉ፣ መውጫውን ይዝጉ፣ ማሽኑን አስነስተው 8 ባር እስኪደርስ ሰዓት ይያዙ። የታንኩን ሊትር በ8 አባዝተው ለደቂቃው ያካፍሉ። 100 ሊትር ታንክ በ4 ደቂቃ ከሞላ 800 ለ4 ሲካፈል በደቂቃ 200 ሊትር ነው ማለት ነው። ይህን እንዲለኩ የማይፈቅድ ሻጭ ጋ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ይሄው ቁጥር በኋላም ይጠቅማል። ማሽኑ አዲስ እያለ የፈጀውን ጊዜ ግድግዳ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከጊዜ በኋላ 4 ደቂቃው 6 ከሆነ ፋሻው አልቋል ወይም አየሩን የሚያስገባውና የሚያስወጣው ቫልቮላ አይዘጋም።

ከፍታም ድርሻ አለው። ድሬዳዋ ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናቸው። አየሩ ከጅቡቲ ወደብ ጋር ሲነጻጸር ድሬ ላይ በ12 በመቶ ያህል፣ ሐረር ላይ በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። የኤሌክትሪክ ሞተሮችም በመደበኛው ደረጃ የሚሰሉት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ነው። ስለዚህ ለሐረር የሚገዛ ሰው ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ቢወስድ ገንዘብ አባከነ አይባልም።

«ድሬ ደረቅ አገር ነው፣ ውሃ ከየት ይመጣል?»

ታንክ የሚገድለው ይህ አባባል ነው። አየር ደረቅ ሲመስልም ውሃ ይሸከማል። 32 ዲግሪ ሙቀት ባለበት፣ እርጥበቱ 40 በመቶ ብቻ በሆነበት ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 13 ግራም ገደማ ውሃ አለ። ያንን አየር ጨምቀን 8 ባር ስናደርሰው ቦታው ወደ አንድ አስረኛ ይጠባል፤ ሲቀዘቅዝ ከውሃው ወደ 10 ግራም የሚሆነው መሸከም ያቅተውና ታንኩ ውስጥ ይረግፋል። በደቂቃ 250 ሊትር የሚስብ ኮምፕረሰር በቀን ውስጥ ተደማምሮ ሦስት ሰዓት ከሮጠ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ማለት ነው። በወር ሲታሰብ ከ10 ሊትር ይበልጣል። ያ ሁሉ ውሃ ከታች ተኝቶ ብረቱን ይበላል።

ስለዚህ ማታ ሲዘጉ፣ ታንኩ ውስጥ ጥቂት ግፊት እያለ፣ የታችኛውን ማፍሰሻ ይክፈቱ። ታንኩ ቀኑን ሙሉ ሲግል ከዋለ ውሃው ገና ተን ስለሚሆን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ነው የሚረግፈው፤ ጠዋት ከማስነሳትዎ በፊት አንድ ጊዜ መድገም ለዚህ ነው። የሚወጣውን ውሃ ልብ ብለው ይዩት። ቀላ ካለ ዝገቱ ጀምሯል። ነጣ ብሎ የሚያዳልጥ ከሆነ ፓምፑ ዘይት እያሳለፈ ነው። ምንም የማይወጣ ከሆነ ደስ አይበልዎት፤ ቀዳዳው በዝገት ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ግፊቱን ጨርሰው አስወጥተው ማፍሰሻውን ይፍቱና ያጽዱ።

ቀለም ቀቢዎች ደግሞ የውሃ መያዣ ፊልትሮ ገዝተው ኮምፕረሰሩ አፍ ላይ ያስሩትና «አይሰራም» ይላሉ። ፊልትሮው የሚይዘው ጠብታ የሆነ ውሃ ነው። ከፓምፕ የወጣ አየር ትኩስ ስለሆነ ውሃው ተን ሆኖ አብሮት ያልፋል፤ ከርቀት፣ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ጠብታ ይሆንና መኪናው በር ላይ ቀለሙን ያበላሻል። ፊልትሮውን ከማሽኑ ራቅ አድርገው፣ አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከመርጫው ቀደም ብሎ ይግጠሙት። የብረት ቱቦ የዘረጋ ሰው ቱቦውን በትንሹ ያዘንብለው፤ ቅርንጫፉን ከቱቦው ሆድ ሳይሆን ከአናቱ ያውጣ። ውሃው ከታች ይቀራል።

«ዘይት ዘይት ነው»

የመኪና ሞተር ዘይት ቆሻሻን አንሳፍፎ እንዲይዝ የሚያደርግ ማጽጃ አለው። መኪና ላይ የዘይት ፊልትሮ ስላለ ያ ቆሻሻ እዚያ ይያዛል። የጎሚስታ ፒስቶን ኮምፕረሰር ግን በአብዛኛው የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ዘይቱ እየተረጨ ነው የሚያለሰልሰው። ስለዚህ ቆሻሻውና ውሃው ተንሳፍፈው ከዘይቱ ጋር ይዞራሉ። ከዚያም በላይ ቫልቮላው ላይ ከሰል ይሰራል። ከሰል የያዘ ቫልቮላ አይገጥምም፤ ያልገጠመ ቫልቮላ የጋለውን አየር መልሶ ያስገባና ሙቀቱ ይብሳል። አብዛኞቹ አምራቾች ለእነዚህ ማሽኖች የሚያዙት ቪጂ 100 የሚባለውን የኮምፕረሰር ዘይት ነው፤ ቁጥሩ ጣሳው ላይ ተጽፏል። አዲስ ማሽን የመጀመሪያ ዘይቱ ቶሎ፣ ብዙ ጊዜ በ50 ሰዓት ስራ አካባቢ ይቀየራል፤ ውስጡ ሲላመድ የሚረግፈው የብረት ብናኝ አብሮ እንዲወጣ ነው። በመስታወቱ ላይ ካለው ቀይ ነጥብ በላይ መሙላትም ጥቅም የለውም፤ ትርፉ በፋሻው አልፎ ወደ አየሩ ይገባል።

«ሞተሩ ከዞረ በቃ»

ወዴት ነው የሚዞረው? ቺንጋው የሚያዞረው ትልቁ ፑሊ ላይ ያሉት ክንፎች ፓምፑን ለማቀዝቀዝ የተሰሩ ማራገቢያ ናቸው። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሲነቀልና ሲገጠም ሁለት ሽቦ ከተቀያየረ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ነፋሱም ከፓምፑ ይሸሻል። ማሽኑ ይሰራል፣ ጌጁ ይወጣል፣ ማንም አያስተውልም፤ ፓምፑ ግን እየጋለ ነው። ሽፋኑ ላይ ቀስት ተስሏል፤ ኤሌክትሪሻኑ ሳይሄድ ያንን ቀስት ማየት ነው። ካልገጠመ ከሦስቱ ሁለቱን ሽቦ ማቀያየር ይበቃል።

ድምፁን ሸሽቶ ወይም ሌባ ፈርቶ ማሽኑን በቆርቆሮ ሳጥን መዝጋትም ከዚህ አይሻልም። ፑሊው ያለበት ወገን ከግድግዳ ራቅ ይበል፤ አየር መሳቢያው አቧራና የቀለም ብናኝ ከሌለበት ጎን ይሁን። የአየር ፊልትሮውን በድሬ አቧራ በየሳምንቱ ማራገፍ አይበዛም። ቆጣሪው ሩቅ ከሆነ ደግሞ በቀጭን ሽቦ ከማራዘም ማሽኑን ወደ ቆጣሪው አስጠግቶ የአየር ቱቦውን ማርዘም ይሻላል። በቀጭን ሽቦ ላይ ቮልቱ ይወርድና ሞተሩ ሲነሳ እያቃሰተ ይቃጠላል።

«መብራት ሲጠፋ በኦክስጅን መንፋት ይቻላል»

አይቻልም። የበያጁ ቦንቦላ ጎረቤት ስላለ ብዙዎች ያስቡታል። ኦክስጅን በግፊት ሆኖ ዘይት ወይም ግሪስ ሲያገኝ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ጎማውም ውስጡም ዘይት አይጠፋውም። የአየር ጠመንጃ ጠርሙስም በኦክስጅን አይሞላም፣ በአንድም ምክንያት። መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ወይም የእጅ ፓምፕ መያዝ ነው።

«አቅም ሲያንስ ቡሎኑን ማጥበቅ፣ ታንክ ሲበሳ መበየድ»

ሁለቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ አብረው ይገኛሉ። ማሽኑ በስንት ባር እንደሚቆም የሚወስነውን ፕሬዠር ስዊች አጥብቆ ከ8 ወደ 12 ባር መውሰድ በደቂቃ የሚመጣውን አየር አንድ ሊትር አይጨምርም፤ የሚጨምረው ታንኩ ላይ ያለውን ጫና ነው። ግፊት ሲበዛ አየር የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ ተንፍሶ ሲያስቸግር በቡሎን የሚደፍኑትም አሉ። ያ ቫልቭ ሲተነፍስ ስራውን እየሰራ ነው።

100 ሊትር ታንክ በ8 ባር ሲሞላ የሚይዘው ጉልበት አንድ ቶን የምትመዝን መኪናን 10 ሜትር ገደማ ለማንሳት ይበቃል። በ300 ባር የተሞላች የግማሽ ሊትር ጠርሙስም የዚህን ሲሶ ያህል ትይዛለች፤ በእጅ ስለምትያዝ ብቻ ቀላል ናት ማለት አይደለም፤ የፍተሻ ቀኗ ያለፈ ጠርሙስ አይሞላም። ከታች ውሃ የሚያዥ ታንክ አንድ ቀዳዳ ብቻ አይደለም ያለው፤ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ብረት ሁሉ ሳስቷል። ብየዳው ያንን ሳስቶ የቀረ ብረት በሙቀት ይጨርሰዋል።

ያገለገለ ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው ታንኩን በአየር «ሞክሩልኝ» አይበል፣ በውሃ ይፈተንለት። ታንኩ እስከ አፉ ውሃ ይሞላል፣ አየር አይቀርበትም፤ ከዚያ በእጅ ፓምፕ ከሚሰራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ለ8 ባሩ 12 ባር፣ ይደርሳል። ውሃ እንደ አየር ስለማይጨመቅ ታንኩ ቢሰነጠቅ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ቀስቱም ይወድቃል፤ የሚወረወር ነገር የለም። ቀስቱ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ፣ ብየዳዎቹ ላይም ላብ ካልታየ፣ ውሃው በደንብ ይፍሰስ፣ ታንኩ ይድረቅ፣ ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ።