ከሞዴል 19 ወደ ኮምፒውተር፦ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች መዝገብ

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ ሁሉ እዚያ ነው። በሐምሌ 2009 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። ከነዚህ መካከል በደርግ ዘመን እንደተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመንግሥት እጅ ያደገ ድርጅት የወረቀት ሥርዓቱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲጠየቅ ሞዴል 20፣ ከስቶር ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። መደርደሪያው ላይ የዕቃውን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚያሳይ ቢን ካርድ ይንጠለጠላል።

ይህን ሥርዓት ኋላቀር ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን እያንዳንዱ ቅጽ የጠያቂ፣ የፈቃጅ፣ የአስረካቢና የተረካቢ ፊርማ አለበት። በካርቦን የተገለበጡት ኮፒዎች አንዱ ሒሳብ ክፍል፣ አንዱ ስቶር፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። አንዱን የሰረዘ ሌላው ያጋልጠዋል። ብዙ ፋብሪካ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ቅጹን ይወስድና ይህን ሰንሰለት ይረሳል። ከዚያ አንድ የይለፍ ቃል ለአራት ሰው ይሰጥና ማን ምን እንዳወጣ የሚያውቅ ይጠፋል።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ኮምፒውተር የሚገባው ሒሳብና ደመወዝ ነው። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የማያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ ብርቅ ነው። ቀጥሎ ስቶር ይመጣል። ምርት ግን መጨረሻ ነው። ማሽኑ ለምን ቆመ፣ ክር ስንቴ ተበጠሰ የሚለው እስከ ዛሬ በፈረቃ አለቃው ደብተር ላይ ይገኛል።

ከውጭ የተገዛ ፕሮግራም ደግሞ የኛን ቀን አያውቅም። ለሱ ጳጉሜን የሚባል ወር የለም። በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። የሌሊት ፈረቃ ይብሳል። ምሽት 4 ሰዓት ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት የሚወጣ ሠራተኛ ያመረተውን ኮምፒውተሩ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ለሁለት ይከፍለዋል። ቀኑ ፈረቃው በጀመረበት ቀን እንዲያዝ አስቀድሞ ካልተነገረው የጠዋት ሪፖርቱ ሁሌ ጭቅጭቅ ነው።

ስምማ ተውት። ወሎ ውስጥ «መሐመድ» ብላችሁ ፈልጉ፤ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሃመድ እየተባለ የተጻፈው አይወጣላችሁም። ኃይሉም እንዲሁ። የአያት ስም ካልተጨመረ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰይድ አሕመድ መኖሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ይመዝገብ። አሁን 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ሥራውን ያቀለዋል። የጣት አሻራ ማሽንም አለ፤ ግን ቆዳ ፋብሪካ ከጨውና ከኬሚካል ጋር የሚውል ሰው አሻራው እየደበዘዘ ማሽኑ እምቢ ሊለው ይችላል። ሌላው ጣጣ በድሮ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል መለያ ሥርዓት የገባው በ1992 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በሌላ ፎንት የተጻፈ ዝርዝር ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል።

ኮምቦልቻ ላይ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ማውራት ቅንጦት አይደለም። በጥቅምት 2014 ከተማዋ በጦርነት ተያዘች፤ መንግሥት መልሶ የተቆጣጠራት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነበር። በዚያ መሃል ፋብሪካና መጋዘን ተዘርፏል፣ ወድሟል። አንድ ቦታ ብቻ ያለ መዝገብ፣ ወረቀትም ይሁን ኮምፒውተር፣ ከቤቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ከግቢ ውጭ፣ የሚሻለው ደግሞ ከከተማው ውጭ ይቀመጣል። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ስለሆነም መዝገቡን የያዘው ዋናው ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ (ዩፒኤስ) ከሌለው አይሠራም።

ሕጉ በበኩሉ መንገዱን ከፍቷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012 ወጥተዋል። ቢሆንም ማህተም ያላረፈበት ወረቀት ሲያይ ፊቱን የማያጨማድድ ኦዲተር እስካሁን አላየሁም።

ለመቀየር የሚመቸው ቀን ሰኔ 30 ነው፤ ለዓመታዊ ቆጠራ ስቶሩ ይዘጋል፣ ዕቃው በእጅ ይቆጠራል። ኮምፒውተር የሚገባው ይህ የተቆጠረው እንጂ ቢን ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር መሆን የለበትም። ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሠራተኛው ድርብ ሥራ ብሎ ያማርራል፣ እውነቱን ነው። ስቶር ኪፐሩም ከዚያ በኋላ ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ ደብቆ መያዙን ይቀጥላል።