«ኮምፒውተር የወንድ ሥራ ነው» እና ተከታዮቹ

ስለ ሴቶችና ስለ ኮምፒውተር የሚነገሩ አባባሎች፣ ከየምላሻቸው ጋር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሴቶች ወደ ሙያው የገቡት በቅርቡ ነው»

እንዲያውም ከመነሻው ነበሩ። ኢኒያክ የተባለው ኮምፒውተር በየካቲት 1946 ፊላደልፊያ ላይ ለሕዝብ ሲታይ፣ ፕሮግራም የሚያደርጉለት ስድስት ሴቶች ነበሩ። ያን ጊዜ ኪቦርድ ላይ ኮድ መጻፍ የሚባል ነገር የለም፤ ገመድ እየነቀሉና እየሰኩ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን አንድ በአንድ እያስተካከሉ ነው ማሽኑን የሚያዙት። ለዚያ ምሽት የእራት ግብዣ ግን የጠራቸው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ እንኳ ፎቷቸው ሲታይ ለማስታወቂያ የቆሙ ሞዴሎች ናቸው ተብሏል! ማሽኑን መገጣጠም የወንድ ሙያ፣ ፕሮግራሙ ግን እንደ ጸሐፊነት ሥራ ይታይ ስለነበር ነው። ክብርና ደመወዝ ሲመጣ የሥራው ጾታም አብሮ ተቀየረ።

«ሴቶች በተፈጥሯቸው አይወዱትም»

እንዲህ የሚል ሰው የአሜሪካን ቁጥር ያስረዳኝ። በ1984 በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዙት 37 በመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ በ2010ዎቹ 18 በመቶ ገደማ ደረሰ። ተፈጥሮ በሠላሳ ዓመት እንዲህ አይገለበጥም። የተለወጠው ገበያው ነው፦ በ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር የወንዶች ልጆች መጫወቻ ሆኖ ተሸጠ። እነሱ ለምደውት ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፣ እህቶቻቸው ክፍል ውስጥ ከዜሮ ጀማሪ ሆኑ።

የአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ይህን ተረድቶ ቀድሞ ኮድ መጻፍ መቻልን የመግቢያ መለኪያ ማድረጉን ተወ፤ ለጀማሪዎችም የራሳቸውን ኮርስ ከፈተ። በ1995 ከአዲስ ገቢዎቹ 7 በመቶ የነበሩት ሴቶች በ2000 ደግሞ 42 በመቶ ሆኑ። ማሌዥያ ውስጥማ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ የሚገርመውም የለም።

«ቤት ውስጥ ስልክ ካለ ሁሉም ይጠቀማል»

ስልኩ በማን ኪስ ነው? የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የ2023 ግምት በዓለም ደረጃ ኢንተርኔት የሚጠቀሙትን ወንዶች 70፣ ሴቶችን 65 በመቶ ያደርሳቸዋል።

«ሶፍትዌር ጾታ አያውቅም፤ ማንም ቢሠራው ያው ነው»

አዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከሙያ አጋሯ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን ሶፍትዌሮች ፈተሸች። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ደረሰ። ኩባንያዎቹ ሶፍትዌራቸውን ያሻሻሉት ሁለት ጥቁር ሴቶች ይህን ለክተው ካሳዩዋቸው በኋላ ነው።